ቀላል የመኖሪያ ተሳቢን ወደ ቱም የሚጎትት አነስተኛ ተሽከርካሪ አመራረጥ

በምዕራብ ኦሞ ዞን፣ በማጂ ወረዳ ወደምትገኘው ቱም ከሚዛን አማን የሚያደርሰው መንገድ ቆላውን አቋርጦ ወደ ማጂ ደጋ ይወጣል። የአገሪቱ ደቡብ ምዕራብ ዝናቡ ብዙ፣ የዝናቡም ወቅት ረጅም ነው። የአፈርና የቡና ናሙና፣ የመለኪያ መሣሪያና የሁለት ሰው መኝታ ይዞ ሳምንታት በመስክ ለሚቆይ አነስተኛ የምርምር ቡድን፣ ከነጭነቱ 600 ኪሎ ግራም የሚመዝን ቀላል የመኖሪያ ተሳቢ ተመራጭ መስሎ ሊታይ ይችላል። ምርጫው የሚከብደው የሚጎትተው ተሽከርካሪ ላይ ሲደረስ ነው።

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚፈለገው አብዛኛውን ጊዜ ከፈረስ ጉልበት ነው፤ ስሌቱ ግን ወደ ሌላ ይመራል። ከነተሳፋሪው 1,300 ኪሎ ግራም የሚመዝን ተሽከርካሪ ይህን ተሳቢ ይዞ የ10 በመቶ ዳገት ሲወጣ፣ የስበትን ኃይል ለመቋቋም 1,860 ኒውተን ያህል፣ በጠጠር መንገድ ላይ የጎማውን የመንከባለል ተቃውሞ ለማሸነፍ ደግሞ 560 ኒውተን ያህል ያስፈልገዋል። ድምሩ 2,400 ኒውተን ገደማ ነው። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ለሚጓዝ ተሽከርካሪ ይህ ከ13 እስከ 14 ኪሎ ዋት ብቻ ነው። ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ያጣል። ይህ ሁሉ ተቀንሶ፣ 75 ኪሎ ዋት ያለው ባለ 1.5 ሊትር ሱዙኪ ጂምኒ በ2,000 ሜትር ከፍታ ላይ 60 ኪሎ ዋት ያህል ይቀርለታል። ስለዚህ ሞተሩ አያንስም።

የሚያንሰው ጎማው መሬቱን የሚይዝበት አቅም ነው። የእርጥብ ጭቃ የሰበቃ መጠን 0.3 ነው ቢባልና ከተሽከርካሪው ክብደት ግማሹ በፊት ጎማዎች ላይ ቢያርፍ፣ በፊት ጎማ ብቻ የሚነዳ የቤት አውቶሞቢል ሊያወጣ የሚችለው ኃይል ከ1,900 ኒውተን እምብዛም አያልፍም። ያለ ተሳቢ ያንኑ ዳገት ለመውጣት 1,650 ኒውተን ያህል ስለሚበቃው ይወጣል፤ 2,400 ኒውተን የሚጠይቀውን ተሳቢ ሲያስከትል ግን ጎማው ባለበት ይሽከረከራል። በተጨማሪም የተሳቢው አንገት የተሽከርካሪውን ኋላ ተጭኖ ፊቱን ስለሚያቀል፣ እውነተኛው ልዩነት ከዚህም ይሰፋል። አራቱም ጎማዎች ሲነዱ 3,800 ኒውተን ያህል ይገኛል። በበጋ ቱም ደርሶ የተመለሰ መኪና በክረምት ተሳቢ ይዞ መንገድ ላይ ቢቀር የሚያስገርም አይሆንም።

ከዚህ ቀጥሎ የሚታየው ካምቢዮ ነው። ዳገት ላይ ቆሞ ለመነሳት የሚሞክር ሾፌር ፍሪሲዮኑን በከፊል እየያዘ ሲታገል የሚቃጠለው ፍሪሲዮኑ ነው። እንደ ጂምኒና የቀድሞው ግራንድ ቪታራ ያሉ፣ ተጨማሪ ከባድ ማርሽ ያላቸው ተሽከርካሪዎች ይህን ችግር ያቃልላሉ፤ ቁልቁለት ላይም ፍጥነቱን በሞተር ለመያዝ ያስችላሉ። በሁለቱ መካከል የሚለየው የፊትና የኋላ ጎማ ርቀት ነው። የጂምኒው 2,250 ሚሊ ሜትር ሲሆን የባለ አምስት በሩ ግራንድ ቪታራ 2,640 ሚሊ ሜትር ነው። ተሳቢ ወዲያና ወዲህ መወዛወዝ ሲጀምር አጭሩ መኪና አብሮ ይናጣል፤ በዚህ ረገድ ረጅሙ ይመረጣል።

በጣም ችላ የሚባለው ግን ፍሬን ነው። 600 ኪሎ ግራም ተሳቢ 1,000 ሜትር ቁልቁል ሲወርድ 5.9 ሜጋ ጁል ያህል ኃይል የሆነ ቦታ ወደ ሙቀት መለወጥ አለበት። ተሳቢው የራሱ ፍሬን ከሌለው ይህ ሁሉ በመኪናው ላይ ይወድቃል፤ የመኪናው የራሱ ድርሻ 12.7 ሜጋ ጁል ስለሆነ ጫናው በግማሽ ያህል ይጨምራል ማለት ነው። አምራቹ በአውሮፓ ገበያ ለጂምኒ የፈቀደው ፍሬን ላለው ተሳቢ 1,300 ኪሎ ግራም፣ ፍሬን ለሌለው ግን 350 ኪሎ ግራም ብቻ ነው። ጋራዥ ውስጥ ያለ ፍሬን የተበየደ የ600 ኪሎ ግራም ተሳቢ፣ መኪናው ያለችግር ቢጎትተውም፣ ከተፈቀደው በላይ ነው።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸው ምርጫውን ወደ ኤሌክትሪክ ይገፋዋል። የኤሌክትሪክ ሞተር ከቆመበት ሲነሳ ሙሉ የማዞር ጉልበት አለው፤ የሚቃጠል ፍሪሲዮን የለውም፤ ቁልቁለት ሲወርድም ኃይሉን መልሶ ወደ ባትሪ ያስገባል፤ ባትሪው ሙሉ ከሆነ ግን ይህ ጥቅም አይገኝም። ለቶዮታ ቢዚፎርኤክስ የመጀመሪያ ሞዴሎች እስከ 750 ኪሎ ግራም እንዲጎትቱ ተፈቅዶላቸው ነበር። ይሁን እንጂ ተሳቢ፣ በተለይም ከፍ ያለና ነፋስ የሚገፋው ከሆነ፣ በአንድ ሙሊት የሚኬደውን ርቀት እስከ ግማሽ ሊቀንስ ይችላል። ቱም ደርሶ መመለስን በዚህ የተቀነሰ ርቀት ሳያሰሉ መኪናውን መግዛት አያዋጣም።

ተሽከርካሪው ከተመረጠ በኋላ የሚቀረው አጫጫን ነው። ከተሳቢው ክብደት 10 በመቶ ያህሉ በመንጠቆው ላይ ማረፍ አለበት፤ በጣም ካነሰ ተሳቢው ይወዛወዛል፣ ከበዛ የመኪናው መሪ ይቀላል። ለ600 ኪሎ ግራም ተሳቢ ይህ 60 ኪሎ ግራም፣ ማለትም አንድ ለውጭ ገበያ የሚዘጋጅ የቡና ጆንያ ነው። ተሳቢውን ሜዳ ላይ አስተካክሎ አንገቱን የቡና ነጋዴዎች ጆንያ በሚመዝኑበት ሚዛን ላይ በማሳረፍ፣ ውኃው፣ ምግቡና የናሙናው ሣጥን ሁሉ ከተጫነ በኋላ መለካት ይቻላል። በመልስ ጉዞ ውኃው አልቆ ናሙናው ስለሚጨምር ልኬቱ ከቱም ሲነሱም መደገም አለበት።