አንበሶች መሃል የተቀመጠች ጥንቸል

ቆቦ ውስጥ በፍላሽ ፊልም የሚጭን ልጅ የጃፓን አኒሜ ሲጠየቅ ናሩቶንና ድራጎን ቦልን ያወጣል። «ክሮማርቲ ሃይስኩል»ን የሚጠይቀው የለም። ሥዕሉን አይቶ የሚጭነውም ፊታቸው የተኮሳተረ፣ ደረታቸው የተነፋ ዱርዬዎች ስላሉበት የድብድብ ፊልም መስሎት ነው፤ ሁለት ክፍል ያይና «ምንም ድብድብ የለውም» ብሎ ያጠፋዋል። ሰው ያልገባውን ነገር ለምን እንዲህ ቸኩሎ እንደሚያጠፋ አይገባኝም። ድብድብ የለውም፤ ያለው ወሬ ነው፣ የወሬ ሁሉ አውራ።

መነሻው ኤይጂ ኖናካ ከ2000 እስከ 2006 እ.ኤ.አ. በሳምንታዊው ሾነን ማጋዚን ያወጣው የሥዕል ታሪክ ነው። በ2002 የኮዳንሻን ሽልማት አግኝቷል። ፕሮዳክሽን አይጂ የተባለው ስቱዲዮ በሂሮአኪ ሳኩራይ ዳይሬክተርነት አኒሜ አደረገው፤ ከ2003 መጨረሻ እስከ 2004 መጀመሪያ በቴሌቪዥን ታየ። 26 ክፍል ነው፣ አንዱ 12 ደቂቃ ገደማ፤ ሁሉም ተደምሮ ከአምስት ሰዓት ብዙ አይበልጥም።

ታካሺ ካሚያማ ጎበዝ ተማሪ ነው። ጓደኛውን ተከትሎ የአገሩ ዱርዬ ሁሉ የተከማቸበት ክሮማርቲ ትምህርት ቤት ይፈተናል፤ እሱ ሲያልፍ ጓደኛው ይወድቃል። ብቻውን ይገባል። አይሳደብም፣ አያጨስም፣ ሰውን በአክብሮት ያናግራል። የክፍሉ ልጆች ግን እንዲህ ያስባሉ፦ አንበሶች መሃል ተረጋግታ የተቀመጠች ጥንቸል ተራ ጥንቸል ልትሆን አትችልም፤ ስለዚህ ካሚያማ ከሁላችንም የባሰ አደገኛ ነው። ዝም ሲል ዝምታው ያስፈራቸዋል፣ ትሕትና ሲያሳይ የሆነ ነገር እያደባ ይመስላቸዋል። ምስክር የለ፣ ማስረጃ የለ፤ ግምት ግምትን እየወለደ ጨዋው ልጅ የክፍሉ ኃይለኛ ሆኖ ቁጭ ይላል።

ይህን ለማስረዳት ለራያ ልጅ ብዙ ማውራት አያስፈልገኝም። ከዞብል በኩል ለትምህርት ወደ ቆቦ የሚወርድ ልጅ ጎፈሬውን አሳድጎ፣ ሚዶ ሰክቶ፣ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ሲመጣ የከተማው ልጅ ቀድሞ የሚያየው ዱላውን ነው። ቤት ተከራይቶ፣ ቅዳሜና እሑድ ስንቅ እያመላለሰ የሚማር፣ ሲጠሩት «አቤት» ብሎ ብድግ የሚል ልጅ እንደሆነ እስኪታወቅ ሴሚስተሩ ያልቃል። ከወልድያ ወይም ከደሴ መሸኛ ይዞ በዓመቱ አጋማሽ የገባ ጸጥተኛ ልጅ ሲሆን ደግሞ «እዚያ ምን አድርጎ ይሆን የለቀቀው?» ይባላል። አባቱ ሥራ ተቀይሮ ነው ቢባል ማን ያምናል! በዕረፍት ሰዓት አንድ ሰው መትቶ ነበር ይባላል፤ ቤት እስኪገባ ሦስት ሰው ይሆናል። ኖናካ ይህን ወሬ ጃፓን ሆኖ በትክክል ሣለው።

ብዙ ተመልካች የሚሳሳተው ግን ከዚህ በኋላ ነው። ካሚያማ ብቸኛው ጤነኛ ነው፣ ሌሎቹ ሁሉ እብዶች ናቸው ብሎ ይቀመጣል። እስቲ ካሚያማን ደህና አድርጋችሁ ስሙት! ለማይረባ ጉዳይ ረጅም ንግግር ያደርጋል፣ ከአንድ ትንሽ ምልክት ተነስቶ ሰማይ የሚያክል መደምደሚያ ላይ ይደርሳል፣ የተናገረውንም ከልቡ ያምናል። ንግግሩ ስለታረመና ልብሱ ስለተስተካከለ ብቻ እኛም አመንነው። ዱርዬዎቹ በጸጥታው ተታለሉ፣ እኛ በጨዋነቱ።

ሰው ፊት ለፊቱ ያለውን እንደማያይ ሌላው ማስረጃዬ ሺንኢቺ ሜካዛዋ ነው። በግልጽ ሮቦት ነው፤ አካሉ በርሜል የሚያህል ብረት። የትምህርት ቤቱ ልጆች ግን እንደ ማንኛውም ተማሪ ያዩታል፣ በሳል ነው ብለው ያከብሩታል። የሚጠረጥሩት ካሚያማና ጥቂት ጓደኞቹ ብቻ ናቸው፤ እነሱም ለመጠየቅ ያፍራሉ። ታኬኖኡቺ የሚባል የክፍሉ ዱርዬዎች አለቃ ደግሞ አለ፤ ጉዞ ላይ ያጥወለውለዋል። ጭምብል ያጠለቀ የአውሮፕላን ጠላፊ በቦታው ሲተካ ክፍሉ ያንን ሰውዬ ታኬኖኡቺ ነው ብሎ ይቀበለዋል። ጨዋውን ልጅ ካሚያማን እንዲያ የሚመረምር ክፍል ጭምብሉን አያይም።

ሥዕሉም እንዲያ የተኮሳተረው ሆን ተብሎ ነው፤ የሪዮኢቺ ኢኬጋሚን የቁም ነገር ሥዕሎች መስሎ የተሠራ ነው። ማንም አይስቅም፣ ማንም ዓይኑን አይጠቅስም። ቆቦ ላይ የማውቃቸው ምርጥ ቀልደኞችም ሲናገሩ ፊታቸው አይፈታም፤ እነሱን የለመደ ሰው ይህን አኒሜ ቶሎ ይይዘዋል። ፍጥነቱን ጨምሮ የሚያየው ግን ዝምታዎቹን ያጣል፣ ቀልዱ ያለው ደግሞ እዚያ ነው። እባካችሁ በፍጥነት አትዩት።

ከሌላ ትምህርት ቤት ተዛውሮ የመጣ ልጅ በአኒሜውም አለ፤ ሆኩቶ ይባላል። ባለጸጋ አባቱ የትምህርት ቤቶች ቦርድ ሊቀ መንበር ነው፤ በዚያ ተማምኖ ክሮማርቲን ሊገዛ ገባ፤ ትምህርት ቤቱ ግን የመንግሥት ሆኖ የአባቱ ሥልጣን አልደረሰበትም። አልተመለሰም፣ እዚያው ቀረ።

የትምህርት ቤቱ ስም የመጣው ከ1984 እስከ 1990 ለጃፓኑ ዮሚዩሪ ጃይንትስ ከተጫወተው አሜሪካዊ የቤዝቦል ተጫዋች ከዋረን ክሮማርቲ ነው፤ ባላንጣዎቹ ትምህርት ቤቶች ባስና ዴስትራዴም የውጭ ተጫዋቾች ስም ናቸው። በ2005 ታሪኩ በሰው ተዋንያን ፊልም ሆኖ ሲሠራ ተጫዋቹ ስሜ ከዱርዬዎች ጋር ተያይዟል ብሎ ፊልሙ እንዳይወጣ ከሰሰ። ፊልሙ በዚያው ዓመት ታየ። እናንተ ግን ከአኒሜው ጀምሩ፣ ከክፍል 1፣ ሳትዘሉ።