የተቆጠበው ብር ከየት ተነሣ?

አንድ ወረዳ ከሥራ ማስኬጃው ሃያ በመቶ ቀነስኩ ብሎ ሪፖርት ቢያቀርብ በእርግጥ ስንት ቆጠበ? ለማስረዳት ያህል መደበኛ በጀቱ 100 ብር ነው እንበል። 90ው ደመወዝ ቢሆን ለሥራ ማስኬጃ 10 ብር ይቀራል፤ የዚያ ሃያ በመቶ 2 ብር ነው። ከጠቅላላው የተነሣው ሁለት በመቶ ብቻ ነው፤ ለነዳጅ፣ ለውሎ አበል፣ ለጠመኔና ለጥገና ከተያዘው ግን አንድ አምስተኛው ሄደ።

ከጉና ተራራ እስከ በሽሎና ዓባይ ሸለቆ በሚወርደው በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ምድር ይህ አንድ አምስተኛ ቀላል አይደለም። እንደ ወገዳ ወይም አርብ ገበያ ካለ የወረዳ ከተማ ወደ ቆላ ቀበሌ መውረድ ያለበት የግብርና ባለሙያ ነዳጅና አበል ካጣ አይወርድም። ደመወዙ ግን በወሩ መጨረሻ ይከፈለዋል። ወረዳው 2 ብር ለማዳን ሲል በ90 ብር የቀጠረውን ሰው ሥራ አስፈታ ማለት ነው። የሒሳብ መደቡን ለሚያውቅ ሰው ነገሩ ግልጽ ነው። ቅነሳ ሲታዘዝ 6111፣ ደመወዝ፣ አይነካም፤ እጅ የሚሄደው ወደ 6217 ነዳጅና ወደ 6231 ውሎ አበል ነው።

በአማራ ክልል ወረዳዎች ጥቅል ድጎማ፣ ብሎክ ግራንት የምንለውን፣ ማግኘት የጀመሩት በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው። መምህሩ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋና የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ሲበዙ ድጎማውን ደመወዝ ያዘው። እኔ ይህን ብክነት አልለውም፤ ያለ መምህር ትምህርት ቤት የለም። መመርመር ያለበት መዋቅሩ ነው። እስቴ ምሥራቅና ምዕራብ ተብሎ ተከፈለ፤ ከስማዳም ሰዴ ሙጃ ወጣ። አዲስ ወረዳ ሲቋቋም አስተዳዳሪ፣ ምክር ቤትና የየሴክተሩ ጽሕፈት ቤት ይከተላሉ። በሌላ በኩል ለመሬት ጉዳይ ረጅም መንገድ በእግሩ ይሄድ ለነበረ ገበሬ ቢሮው ቀርቦለት ይሆናል። ክፍፍሉ አዋጣ ወይስ አላዋጣም ለማለት የገበሬው የጉዞ ቀን በስሌቱ ውስጥ መግባት አለበት።

የፋይናንስ ፑልም እንዲሁ ነው። እያንዳንዱ ሴክተር የራሱን ሒሳብ ሠራተኛ፣ ገንዘብ ያዥና የግዥ ሠራተኛ ከሚቀጥር፣ በወረዳው ገንዘብ ጽሕፈት ቤት ሥር በጋራ እንዲገለገል ተደረገ። የሒሳብ ባለሙያ በማይበዛበት ገጠር ይህ እውነተኛ ቁጠባ ነው፤ ደጋግሜም እደግፈዋለሁ። ነገር ግን ርእሰ መምህሩ ለአንድ ካርቶን ጠመኔ ወደ ወረዳ ከተማ ሲመላለስ የሚያጠፋው ቀን በፑሉ መዝገብ ላይ አይታይም።

ወጪው በዚህ መልክ ወደ ሌላ ሰው ሲሸጋገር ከሁሉ የሚከፋው በልማታዊ ሴፍቲኔት ነው። ፕሮግራሙ በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ዓላማው ላይ ጋይንትን፣ ታች ጋይንትንና ስማዳን በመሰሉ ወረዳዎች የሚኖር ቤተሰብ በክፉ ወቅት ጥሪቱን ሸጦ እንዳይራቆት ነበር። ፕሮግራሙ የሚሰጠው ክፍያ ከዘገየ ቤተሰቡ በጉን ይሸጣል፣ ወይም በአራጣ ይበደራል። የክፍያ ሠራተኛና ተሽከርካሪ ቀንሶ የአስተዳደር ወጪ አዳንኩ የሚል ጽሕፈት ቤት፣ ወጪውን ከመንግሥት መዝገብ አንሥቶ በድሃው በረት ላይ ጭኖታል።

ሀብታም አገሮችም በዚህ ተፈትነዋል። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2004 በሰር ፒተር ጌርሾን ጥናት ተመርታ ከ20 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ለማዳን አቀደች። እ.ኤ.አ. በ2007 የአገሪቱ ብሔራዊ ኦዲት መሥሪያ ቤት እስከዚያ ድረስ ዳነ የተባለውን 13.3 ቢሊዮን ሲፈትሽ፣ ቁጠባውን በአግባቡ ያሳያል ያለው 26 በመቶውን ብቻ ነበር። የግማሽ ያህሉ አለካክ አጠያያቂ ሆነ፤ 23 በመቶው ደግሞ በእጅጉ የተሳሳተ ሊሆን እንደሚችል ገለጸ።

እኛ ዘንድ ትልቁ ወጥመድ ቁጠባው የሚነጻጸርበት የመነሻ ዓመት ይመስለኛል። የላይ ጋይንቷ ነፋስ መውጫ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት ተይዛ የሕዝብ ተቋማቷ ተዘርፈዋል። መሣሪያው የተወሰደበት ጤና ተቋም በማግሥቱ ለጥገና የሚያወጣው ብር ቢያንስ ቁጠባ አይባልም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ በቀጠለው ግጭት መንገድ ሲዘጋም ውሎ አበል ሳይወጣ ይቀራል፤ ወረቀት ላይ ግን የተረፈ ገንዘብ ሆኖ ይታያል። ዋጋውም አለ። የብር ምንዛሪ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የነዳጅ ዋጋ በተደጋጋሚ ጨምሯል። ስለዚህ የወረዳ ምክር ቤት አባላት የነዳጅ ቁጠባን በብር ሳይሆን በሊትር እንዲጠይቁ እመክራለሁ፤ በሊትር ሲታይ ብሩ ሳይቀነስ እንኳ ጉዞው ምን ያህል እንደቀነሰ ይወጣል።

ማንንም ሳይጎዳ የሚገኝ ቁጠባ አለ። በጀቱ እንዳይመለስ ተብሎ ሰኔ ላይ በችኮላ የሚገዛው ዕቃ የመጀመሪያው ነው፤ የትምህርት ቤቶች ፍላጎት ተሰብስቦ በመጀመሪያው ሩብ ዓመት በአንድ ጨረታ ቢገዛ በተሻለ ዋጋ ይገኛል። ግብርናና ጤና በአንድ ሳምንት ወደ አንድ ቀበሌ የሚወርዱ ከሆነም አንድ መኪና ይበቃቸዋል።

በ1998 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረታዊ አገልግሎቶች ጥበቃ ፕሮግራም ወረዳዎች በጀታቸውን በአደባባይ እንዲለጥፉ አድርጎ ነበር። በነፋስ መውጫ፣ በወገዳና በእስቴዋ መካነ ኢየሱስ እንዲህ ያለው ሰሌዳ ላይ ከተመደበው ብር ጎን አንድ ዓምድ ይጨመር፤ የተቆጠበው ከየትኛው መደብ እንደተነሣ፣ ወዴት እንደተዛወረ፣ በዚያው ሩብ ዓመት ባለሙያ የደረሰባቸው ቀበሌዎች ስንት እንደሆኑ ይጻፍበት። የቆላው ገበሬ ለገበያ ሲወጣ፣ ባለሙያው ደርሷል የተባለው ወደ እሱ ቀበሌ መሆን አለመሆኑን ከማንኛውም ኦዲተር ቀድሞ ይናገራል።