የጉዞ ቫውቸርና የላሊበላ ገበያ

አንድ ነጋዴ የሸጠውን ዕቃ ማስረከብ ሲያቅተው ገንዘቡን ይመልሳል፤ ወይም ገዢው ሲስማማ በሌላ ዕቃ ይተካለታል። በአውሮፕላን ጉዞ ንግድ ግን በረራ ሲሰረዝ በገንዘቡ ፈንታ የጉዞ ቫውቸር መስጠት የተለመደ ሆኗል። ቫውቸሩ መልኩ ገንዘብ ቢመስልም የአየር መንገዱ ዕዳ ነው፤ ይኸውም አብዛኛውን ጊዜ የሚከፈለው በጉዞ ብቻ፣ ስሙ ለተጻፈበት ሰው ብቻ፣ በተወሰነለት ቀን ውስጥ ብቻ ነው። ቀኑ ካለፈ ዕዳው ከመዝገብ ተሰርዞ ወደ አየር መንገዱ ገቢ ይዛወራል።

ነገሩ በዓለም ሁሉ ጎልቶ የታየው በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በመጋቢት ወር ወደ 30 አገሮች የሚያደርገውን በረራ አቋረጠ፤ ሌሎቹም እንዲሁ አደረጉ። ዓለም አቀፉ የአየር ማጓጓዣ ማኅበር ሊመለስ የሚገባውን የቲኬት ገንዘብ 35 ቢሊዮን ዶላር ያህል ገምቶ፣ አየር መንገዶች ይህን በጥሬ ገንዘብ ቢከፍሉ ብዙዎቹ ይወድቃሉ በማለት መንግሥታት ቫውቸርን እንዲፈቅዱ ጠየቀ። አቤቱታው ከንቱ አልነበረም፤ ነገር ግን ያለ ወለድና ያለ ፈቃዱ አበዳሪ የሆነው መንገደኛው ነው።

በላሊበላ ችግሩ ሌላ መልክ ነበረው። ወደ ላስታ የሚመጣው እንግዳ በዓመቱ ወራት ሁሉ እኩል ተከፋፍሎ አይመጣም። የባለሆቴሉ፣ የአስጎብኚው፣ የመስቀልና የነጠላ ሻጩ ትልቁ ገበያ በገና በዓል ዙሪያ ነው። ስለዚህ የ12 ወር ቫውቸር ለላሊበላ ተሳላሚ አሥራ ሁለት ወር ሳይሆን አንድ ገና ነው። በመጋቢት 2012 የተሰጠ የአንድ ዓመት ቫውቸር የሚደርስበት የ2013ቱን ገና ብቻ ሲሆን፣ ያን ጊዜ ወረርሽኙ አላለፈም፤ በትግራይ የተጀመረው ጦርነትም ሁለት ወሩ ነበር። ቀኑ በአንድ ዓመት ቢራዘም እንኳ የሚጠቅመው ጥቂት ነው፤ ከተማዪቱ በሐምሌ 2013 መጨረሻ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገብታ፣ ከእጅ ወደ እጅ ከተላለፈች በኋላ ወደ መንግሥት የተመለሰችው በታኅሣሥ 2014 ለገና ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩ ነውና። በ2015 ሐምሌ መጨረሻም በአማራ ክልል በተነሣው ውጊያ ምክንያት የላሊበላ በረራ እንደገና ተቋርጦ ነበር።

እንግዳው ገንዘቡ በአየር መንገድ ዘንድ ታስሮበት ሳለ የአልጋውን ቀብድ ከባለሆቴሉ በጥሬው ይጠይቃል። ባለሆቴሉ ደግሞ ቀብዱን ለጤፍና ለደመወዝ አውሎታል፤ ለእርሱ ቫውቸር የሚቀበለው ሰው የለም።

ሌላም ቋጠሮ አለ። ከውጭ አገር በኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጣ መንገደኛ ለአገር ውስጥ በረራ የሚከፍለው ዋጋ በሌላ አየር መንገድ ከመጣው ያነሰ ነው። ስለዚህ የሌላ አየር መንገድ ቫውቸር የያዘ እንግዳ ወረቀቱን ላለማጣት ሲል በዚያው ቢመጣ፣ ያተረፈ የመሰለውን በላሊበላው ቲኬት ላይ ይጨምራል።

ሕጉ እንደ መነሻው አገር ይለያያል። በኤውሮጳ ኅብረት የ1996 ዓ.ም. ደንብ ቁጥር 261 መሠረት፣ ከኅብረቱ አገሮች የሚነሣ በረራ ሲሰረዝና መንገደኛው ገንዘቡን ሲመርጥ በ7 ቀን ውስጥ ይመለስለታል፤ ቫውቸር የሚሰጠው በፊርማው ሲስማማ ብቻ ነው። አሜሪካም በሚያዝያ 2016 ተመሳሳይ ደንብ አውጥታለች። እንግዲህ ከሮማ ወይም ከዋሽንግተን ለሚነሣ ደንበኛ ቲኬት የሚያዘጋጅ ወኪል ይህን አስቀድሞ ሊነግረው ይገባል።

ለሠራተኛው ቲኬት የሚገዛ አስመጪም ቢሆን ከዚህ ነገር አያመልጥም። ገንዘቡን የከፈለው ድርጅቱ ሲሆን ቫውቸሩ የሚጻፈው በሠራተኛው ስም ነው፤ ሰውየው ሥራውን ሲለቅ ወረቀቱም አብሮት ይሄዳል። የሚጻፍበትም ገንዘብ መታየት አለበት። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ያህል የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብር አልፏል። በዶላር ለሚተመን ጉዞ በብር የተጻፈ ቫውቸር ይዞ የቆየ ነጋዴ ልዩነቱን ከኪሱ መሙላት ግድ ይሆንበታል። ስለዚህ ወረቀቱን ከመቀበል በፊት በማን ስምና በየትኛው ገንዘብ እንደሚጻፍ፣ የቀኑ ገደብ ጉዞው የሚያልቅበት ወይስ ቲኬቱ የሚቈረጥበት መሆኑን፣ የሚተርፈው ሒሳብም ይመለስ እንደ ሆነ በጽሑፍ መጠየቅ ያስፈልጋል።