ሰንበት ያለ እሳት፣ ኦሪት በግእዝ

ቤተ እስራኤል ከጣና ሐይቅ በስተ ሰሜንና በስተ ምዕራብ በደምቢያ፣ በወገራ፣ በሰሜን ተራሮች፣ በአለፋና በቋራ፣ እንዲሁም በትግራይ ለብዙ መቶ ዓመታት የሙሴን ሕግ ጠብቆ የኖረ ሕዝብ ነው። ጎረቤቶቹ ፈላሻ ይሉት ነበር፤ ስሙ ንቀት ስላለበት ዛሬ ሰው አይጠራበትም። ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ ባሕር ዳርን አልፎ ጎንደር የዘለቀ መንገደኛ ከከተማው ጥቂት እልፍ ሲል በሸክላ ሥራዋ የታወቀችውን ወለቃን ያገኛል። ወለቃ ከቀድሞዎቹ የቤተ እስራኤል መንደሮች አንዷ ናት። ሕጉ መታጠብን ስለሚያበዛ መንደሮቹ በአብዛኛው ወንዝ ወይም ምንጭ ሳይርቃቸው ይቆረቆሩ ነበር። ወንዱ አንጥረኛ፣ ሸማኔ ወይም ገበሬ፣ ሴቷም ሸክላ ሠሪ ነበረች።

የመንደሩ ልብ ጸሎት ቤቱ ነበር። መስጊድም ይሉታል። አብዛኛው የሣር ክዳን ያለው ክብ ቤት ሲሆን፣ ኦሪቱ ወደሚቀመጥበት ቅድስተ ቅዱሳን የሚገቡት ቄሶቹ ብቻ ነበሩ። ምእመኑ ጫማውን አውልቆ ይገባ፣ ሴቶችና ወንዶች ተለይተው ይቆሙ፣ ሲጸልዩም ፊታቸውን ወደ ኢየሩሳሌም ያዞሩ ነበር። በግቢው ውስጥ የፋሲካው በግ የሚታረድበት መሠዊያ ነበር። በሌላው ዓለም ያሉ አይሁድ ቤተ መቅደሱ ከፈረሰ በኋላ መሥዋዕት ማቅረብ ትተዋል። ቤተ እስራኤል ግን ኦሪት ያዘዘችውን እንደ ታዘዘው ሲፈጽም ቆይቷል።

ሳምንቱ የሚጓዘው ወደ ሰንበት ነበር። ዓርብ ጧት ልብስ ይታጠብ፣ እንጀራና ዳቦ ይጋገር፣ ወጡ ይሠራ፣ ውኃ ተቀድቶ ይገባ፣ ማገዶውም ሥራውን ይጨርስ ነበር። ከቀትር በኋላ የአንጥረኛው ወናፍ ዝም ይል፣ ሸማኔውም ከጉድጓዱ ይወጣ ነበር። ሁሉም ወንዝ ወርዶ ገላውን ይታጠብና ንጹሕ ልብሱን ይለብስ ነበር። ፀሐይ ሳትጠልቅ የምድጃው እሳት ይጠፋ ነበር፤ እስከ ቅዳሜ ማታም አይጫርም ነበር።

ይህ ልማድ ቤተ እስራኤልን ከሌሎች አይሁድ በግልጽ የሚለይ ነበር። በረቢዎች ሥርዓት ሰንበት ከመግባቱ በፊት መብራት ይበራል፣ ቀድሞ የተለኮሰው እሳትም ምግቡን እንደ ሞቀ ያቆየዋል። ቤተ እስራኤል ግን በሰንበት እሳት በቤት እንዳይነድ የሚከለክለውን የኦሪት ዘጸአት ቃል እንደ ተጻፈ ይዞ በጨለማ ያመሽ፣ የቀዘቀዘ ምግብም ይበላ ነበር። ውኃ መቅዳት፣ ሩቅ መሄድ፣ ወንዝ መሻገርና የባልና ሚስት ግንኙነት በዚያ ቀን ክልክል ነበሩ። ዝርዝሩ የሚገኘው ትእዛዘ ሰንበት በተባለው የግእዝ መጽሐፍ ነው። በመጽሐፉ ሰንበት በሰው አምሳል ቀርባ፣ በሰማይ የከበረች፣ ስለሚያከብሯት ሰዎች በእግዚአብሔር ፊት የምትማልድ እመቤት ናት። ይህን የሰማ ገበሬ ቅዳሜን ቤቱን አጽድቶ የሚጠብቃት እንደ ታላቅ እንግዳ ነበር።

ለጎጃም ሰው ነገሩ ፍጹም እንግዳ አይደለም። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ከእሑድ ጋር ቀዳሚት ሰንበትም እንድትከበር ወስናለች፤ በደጋው አገር ቀዳሚትን የማያርስ ገበሬም ብዙ ነው። ልዩነቱ በእሳቱና በጥብቅነቱ ላይ ነው።

የሰንበት ጸሎት ሌሊት ዶሮ ሲጮኽ ይጀምር ነበር። ቄሶቹ በሁለት ወገን ሆነው በግእዝ እየተቀባበሉ ያዜሙ ነበር፤ በመካከሉ ከአማርኛ በፊት ይነገር የነበረው የአገው ቋንቋ ይሰማ ነበር። አብዛኛው ጸሎት በቃል የሚባል በመሆኑ መጽሐፍ የሚያስፈልገው ለንባቡ ነበር። ንባቡ ካለቀ በኋላ ቄሱ ግእዙን በአማርኛ፣ በትግራይ በኩልም በትግርኛ ይፈታው ነበር። የመንደሩ ሕዝብ አብርሃምን፣ ዮሴፍንና ሙሴን የሚያውቀው ከዚህ ነበር። ከዚያም ሴቶቹ ያመጡት ዳቦና ጠላ በቄሱ ይባረክና ይታደል ነበር። ከሰዓት በኋላው የጥየቃና የወግ ነበር፤ ሽማግሌዎች በዛፍ ጥላ ሥር ቄሱን ከብበው ስለ ሕጉ ይጠይቁት፣ የተጣላ ካለም ይታረቅ ነበር።

ኦሪት በቤተ እስራኤል ዘንድ አምስቱን የሙሴ መጻሕፍት ብቻ ማለት አይደለም። ኢያሱ፣ መሳፍንትና ሩት ተጨምረው በአንድ ጥራዝ ስምንት ይሆናሉ። መጽሐፉም እንደ ዕብራውያኑ የሚጠቀለል ሳይሆን በእንጨት ገበታ የተደጎሰ ብራና ነው። ሌሎች አይሁድ ኦሪትን በ54 ክፍል ከፍለው በዓመት አንድ ጊዜ ያነቡታል። በቤተ እስራኤል ግን ንባቡ በተለይ ከበዓላቱ ጋር ተያይዞ የሚመረጥ ነበር። ብዙዎቹ ብራናዎች በክርስቲያን ጸሐፊዎች እጅ የተጻፉ ናቸው፤ ቄሶቹ እየገዙ ለእምነታቸው የማይስማማውን ቃል ይፍቁ ነበር። ኩፋሌና ሄኖክም ይነበቡ ነበር። ተልሙድና የረቢዎች የቃል ሕግ ግን እዚህ አልደረሰም።

የካህናቱ ትምህርት ሕፃኑን ለካህን እጅ በማስረከብ ይጀምር ነበር። የጎጃም ተማሪ ከንባብ ቤት ወደ ዜማ ቤት፣ ከዜማ ቤት ወደ ቅኔ ቤት አገር እየለወጠ ሲሄድ፣ የቤተ እስራኤል ልጅ በአብዛኛው ከአንድ መምህር ሥር ሆኖ ፊደሉን፣ የግእዙን ንባብ፣ ከዚያም ሰፊውን የጸሎት መዝገብ በቃሉ ያጠና ነበር። እንጨት ይሰብር፣ ውኃ ይቀዳ፣ ሌሊት ይነሣ ነበር። ሲጎለምስ ደብተራ ይሆን፣ ነቀፋ የሌለበት፣ በሕግ ያገባ ሆኖ ሲገኝም በቄሶች ፊት ቅስና ይቀበል ነበር። የዚህ ሁሉ ትምህርት ምንጭ የቤተ እስራኤል መነኮሳት ነበሩ። በትውፊቱ ምንኩስናን የጀመረው በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው አባ ሳብራ ነው፤ ሆህዋራም የመነኮሳቱ ታላቅ ቦታ ሆና ኖራለች። መነኮሳቱ ከመንደር ተለይተው ምግባቸውን ራሳቸው እያዘጋጁ ቄሶችን ያስተምሩ ነበር። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ የወረደው ክፉ ቀን የተባለው ረሃብ ይህን ሥርዓት ክፉኛ አዳከመው፤ በቃል የሚተላለፍ ትምህርት መምህሩ ሲሞት አብሮ ይቀበራልና።

በዓመት አንድ ቀን መንደሮቹ ሁሉ አንድ ጉባኤ ይሆኑ ነበር። ይህ ቀን ከአስተስርዮ (ከማስተስረያ ቀን) 50 ቀን በኋላ የሚውለው ስግድ ነው። በጎንደር አካባቢ አምቦበር ላይ ሕዝቡ እየጾመ ተራራ ይወጣ፣ ቄሶቹ ኦሪቱን ተሸክመው ከዕዝራና ከነህምያ ጭምር ያነቡ፣ ሕዝቡም ይሰግድ ነበር። ከቀትር በኋላ ወርዶ በነጋሪትና በቃጭል እየዘመረ ይበላ ነበር። እስራኤል በ2000 ዓ.ም. ስግድን በሕግ ብሔራዊ በዓል አድርጋዋለች።

የውጭው የአይሁድ ዓለም የመጣው ዘግይቶ ነው። አይሁዳውያኑ ምሁራን ዦዜፍ ሀሌቪ በ1860 ዓ.ም. ገደማ፣ ዣክ ፋይትሎቪች ደግሞ በ1896 ዓ.ም. መጡ። ፋይትሎቪች በ1910ዎቹ አጋማሽ አዲስ አበባ ላይ ትምህርት ቤት ከፈተ፤ የመራውም አዘዞ የተወለደው ሊቅ ታምራት አማኑኤል ነበር። ዕብራይስጥና የሰንበት ሻማ በእነርሱና በኋላም በመምህሩ በዮና ቦጋለ ትምህርት ቤቶች በኩል ቀስ በቀስ ገቡ። በኅዳር 1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል በተጀመረው የሙሴ ዘመቻ ብዙ ሺህ ሰው ወደ እስራኤል ወጣ። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. በሰሎሞን ዘመቻ ከ14 ሺህ በላይ ሰው በ36 ሰዓት ውስጥ ከአዲስ አበባ ተወሰደ።

አምቦበርና ወለቃ ከጉባኤያቸው ባዶ ቀሩ። ዛሬ በጎንደር ከተማ ያለው ጉባኤ በቆርቆሮ በተሠራ ምኩራብ የሚሰበሰብ ሲሆን፣ አባላቱም አያቶቻቸው ክርስትና የተቀበሉ፣ ወደ እስራኤል ለመግባት ለዓመታት የሚጠባበቁ ሰዎች ናቸው። የሳምንቱ የኦሪት ክፍል በአማርኛ ይብራራል፣ ልጆች ዕብራይስጥ ይማራሉ፣ ለፋሲካም ቂጣው በግቢው ይጋገራል። ጸሎቱ ግን በዕብራይስጥ ነው፤ የቄሶቹ የግእዝ ዜማ በዚያ ቦታውን ለቋል።

በእስራኤልም ቄሶቹ ቀላል ነገር አልገጠማቸውም። ረቢዎቹ ለጋብቻ ሥርዓታዊ ጥምቀት በመጠየቃቸው በ1978 ዓ.ም. መጀመሪያ ማኅበረሰቡ ኢየሩሳሌም ውስጥ ከዋናው የረቢዎች ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ሳምንታት ተቀምጦ ተቃወመ። ያን ያህል ዘመን ሰንበትን ያለ እሳት የጠበቀ ሕዝብ ይሁዲነቱ ሲጠየቅ መቆጣቱ ተገቢ ነበር።

አሜሪካዊቷ የዜማ አጥኚ ኬይ ሸለሜይ በ1966 ዓ.ም. መግቢያ አምቦበር ላይ ጸሎቱን በድምፅ ቀድታለች፤ ከእርሷ በኋላም ሌሎች እስራኤል ውስጥ ቀድተዋል። ግእዝ በሚሰማባት በጎጃም፣ በዲማና በዋሸራ የተማሩ ሊቃውንት ይህን መዝገብ ሰምተው ለመፍታት ከማንም የበለጠ ቅርብ ናቸው። የቀሩት አረጋውያን ቄሶች በሕይወት ሳሉ ቢጠየቁ መልካም ነው።