ታሽጎም የሚተነፍሰው ካርትሪጅ

የኢንክጄት ፕሪንተር ካርትሪጅ ሲያዩት ቀለም የተሞላ ተራ የፕላስቲክ ሣጥን ይመስላል። ሥራው ግን ከባድ ነው። ቀለሙን ወደ ታች በተከፈቱ ቀዳዳዎች ላይ ሳያንጠባጥብ አንጠልጥሎ ማቆየት፣ በተፈለገ ጊዜ ደግሞ ወዲያው መልቀቅ አለበት። አንጠልጥሎ የሚያቆየው በአየር ግፊት ነው። ስለዚህ ካርትሪጅ ማሸግ ሲባል ዋናው ጥያቄ አየር በየት ይግባ፣ በየትስ አይግባ የሚለው ነው።

ቀዳዳዎቹ ከሰው ፀጉር የቀጠኑ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1977 የካኖን ተመራማሪ የነበረው ኢቺሮ ኤንዶ የጋለ መበየጃ ቀለም የያዘ የስሪንጅ መርፌ ሲነካ ቀለሙ ከጫፉ ሲፈናጠር ተመለከተ። በዚሁ ሐሳብ ዛሬም በብዙ ካርትሪጆች ውስጥ ከየቀዳዳው አጠገብ ያለች ትንሽ ማሞቂያ በጥቂት የሴኮንድ ሚሊዮንኛ ውስጥ ከ300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ትግላለች፤ የእንፋሎት አረፋ ይፈጠርና ጠብታውን ገፍቶ ያስወጣል።

ቀለሙን ሳይፈስ የሚይዘው ግን ሌላ ነገር ነው። በስትሮ ውኃ ስበን ላዩን በጣት ብንደፍነው ውኃው አይወርድም፤ ካርትሪጅም ከውጭው አየር ትንሽ ያነሰ ግፊት ውስጡ እንዲኖር ተደርጎ ይሠራል። ኤች ፒ እ.ኤ.አ. በ1984 ባወጣው ቲንክጄት በተባለ ፕሪንተር ይህን ያገኘው ከጎማ ከረጢት ነበር። በኋላ ስፖንጅ ተለመደ። ስፖንጁ ከሚገባበት ቦታ ተለቅ ተደርጎ ይቆረጥና ተጨምቆ ይገባል፤ ጥቃቅን ቀዳዳዎቹ ቀለሙን ስበው ይይዛሉ።

አካሉ የሚሠራው ቀለም ከማይበላውና እርጥበት በቀላሉ ከማያሳልፍ ፕላስቲክ ነው። ክዳኑ አብዛኛውን ጊዜ በሙጫ አይያዝም፤ ሙጫ ከቀለሙ ጋር ሊዋሃድ ይችላልና። በሴኮንድ 20,000 ጊዜ ያህል በሚርገበገብ መሣሪያ ይጫኑታል፤ መገጣጠሚያው በፍትጊያ ቀልጦ ከአካሉ ጋር አንድ ይሆናል። ከዚያ የውስጡ አየር ተመጥጦ ይወጣና ቀለሙ ይገባል። በቀለሙ ውስጥ የሟሟው አየርም አስቀድሞ ይወጣል፤ አንዲት አረፋ ስፖንጁ ውስጥ ብትቀር የቀለሙን መንገድ ልትዘጋ ትችላለችና።

እኔ ከሁሉ የማደንቀው መተንፈሻውን ነው። ቀለም በወጣ ቁጥር በምትኩ አየር መግባት አለበት፤ አለዚያ የውስጡ ግፊት እየወረደ ሄዶ ቀለሙ መውጣቱን ያቆማል። ተራ ቀዳዳ ቢተውለት ደግሞ ቀለሙ ይደርቃል። መፍትሔው ክዳኑ ላይ የተቀረጸ ረጅምና ጠመዝማዛ ቦይ ነው፤ በላዩ ላይ ስስ ፊልም ወይም ሌብል ይለጠፍበታል። አየር በዚያ ይገባል፤ እርጥበቱ ግን በዚያ ሁሉ መንገድ ዞሮ የሚወጣው በጣም በዝግታ ነው። ስለዚህ ያ ሌብል ለማስታወቂያ ብቻ የተለጠፈ አይደለም፤ አይላጥ። ከመግጠም በፊት ይነሣ ተብሎ የተጻፈበት ባለ ቀለም ቴፕ ግን ሙሉ በሙሉ መነሣት አለበት፤ ቁራጩ መተንፈሻው ላይ ከቀረ ሕትመቱ ይበላሻል።

አዲስ አበባ ላሉ አንባቢዎች አንድ ተጨማሪ ጉዳይ አለ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል። በባሕር ዳርቻ ከካርትሪጅ ውስጥ የታሰረ አየር እዚህ ሲደርስ ሲሶ ያህል መስፋት ይፈልጋል። አንዱ ክፍላቸው ስፖንጅ፣ ሌላው ቀለም ብቻ የያዘ ባለ ሁለት ክፍል ካርትሪጆች ለዚህ ተዘጋጅተዋል፤ አየሩ የሚገፋውን ቀለም ስፖንጁ እንዲቀበል ከስፖንጁ የተወሰነው ክፍል ባዶ ይተዋል። በግማሽ የተሠራበት ካርትሪጅ የበለጠ አየር ስላለበት የማፍሰስ ዕድሉም ይበልጣል። ከጂቡቲ ወደ አዲስ አበባ የሚያመጣው ሰው ቀዳዳዎቹን ወደ ላይ አድርጎ ቢይዘው ይሻላል።

በስሪንጅ ቀለም ለሚሞሉም ይኸው ሕግ ይሠራል። ባለ ሁለት ክፍሉ ሲሞላ ስፖንጅ በሌለው ክፍል ላይ የተበሳው መሙያ አየር እንዳያስገባ ተደርጎ ይደፈናል፤ ከስፖንጁ በላይ ያለው መተንፈሻ ግን ክፍት ይተዋል። መሙያው በደንብ ካልተደፈነ ቀለሙ በታች ይንጠባጠባል፤ መተንፈሻው ከተደፈነ ደግሞ ጥቂት ገጽ አትሞ ይቆማል፣ ውስጡ ገና ቀለም ሞልቶ ሳለ።