ከሶፋው በፊት ኮርኒሱ

ቢሮ እንድነድፍላቸው የሚመጡ የቴክኖሎጂ ኩባንያ ባለቤቶች ብዙዎቹ ስልካቸው ላይ ፎቶ ይዘው ነው የሚመጡት፦ ግድግዳ የሌለው አዳራሽ፣ ረጃጅም ጠረጴዛ፣ ደማቅ ሶፋ። ሐሳቡን እወደዋለሁ። 12 ሰው የነበረው ቡድን 30 ሲሞላ ግድግዳ ማፍረስ አያስፈልግም፤ ጠረጴዛ መጨመር ይበቃል። አዲስ የተቀጠረ ልጅም በር ሳያንኳኳ አለቃውን ያገኛል።

ፎቶ ላይ የማይታየው ድምፅ ነው።

ፍራንክ ጌሪ ለፌስቡክ የነደፈውና በ2015 እ.ኤ.አ. ሜንሎ ፓርክ የተከፈተው ሕንፃ 40,000 ካሬ ሜትር ገደማ ነው፤ 2,800 ያህል ሰው በአንድ አዳራሽ እንዲሠራ ታስቦ ተገነባ። ሰው የሚያደንቀው ስፋቱን ነው። እኔ ግን በየመሃሉ የተበተኑትን የስብሰባ ክፍሎች እዩልኝ እላለሁ፤ አዳራሹ ያለ እነሱ አይሠራም።

ክፍት ቢሮን የምሰጋው እኔ ብቻ አይደለሁም። የሃርቫርዶቹ በርንስታይንና ተርባን በ2018 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ሠራተኞች ወደ ክፍት ቢሮ ሲዛወሩ ፊት ለፊት መነጋገራቸው 70 በመቶ ገደማ ቀነሰ፤ የኢሜይል ልውውጡ ጨመረ። ሁሉም የሚሰማው ቦታ ላይ ማን ደፍሮ ያወራል? ሰው ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ ዝም ይላል።

እዚህ አዲስ አበባ ደግሞ ወለሉ ሴራሚክ፣ ፊቱ መስታወት፣ ላዩ ባዶ ሶሌታ ነው። ሦስቱም ድምፅን መልሰው ይወረውሩታል። የጄነሬተር ጉርምርምታ ቢሆን ጆሮ ይለምደዋል፤ የአጠገባችን ሰው የስልክ ወሬ ግን ቃሉ ስለሚገባን ሐሳባችንን ይዞት ይሄዳል። ኮድ የሚጽፍ ሰው ከተቋረጠ በኋላ ወደነበረበት ለመመለስ ምን ያህል እንደሚታገል ራሳችሁ ታውቁታላችሁ።

ስለዚህ ገንዘቡ መጀመሪያ ኮርኒስ ላይ ይውጣ። ልሙጥ ጂፕሰም ብዙም አይረዳም፤ የተበሳሳና ከጀርባው ፋይበር ግላስ የተነጠፈበት ይሁን። ወፍራም መጋረጃና ምንጣፍም ያግዛሉ። የቡናው ቦታና የደንበኛ ስልክ የሚያነሱት ሠራተኞች ወደ መግቢያው፣ ፕሮግራመሮቹ ወደ ውስጥ። ለስልክ የሚሆኑ፣ በር ያላቸው ጠባብ ክፍሎችንም አትርሱ፤ እኔ ለ10 ሰው አንድ አስቀምጣለሁ። ሶኬት ግድግዳ ዳር ብቻ ሳይሆን ወለሉ መሃልም ይዘርጋ፤ አለዚያ የምትጨምሩት ጠረጴዛ ሁሉ ገመድ እየጎተተ ይመጣል።

የኪራይ ውል ከመፈረማችሁ በፊት አከራዩ ኮርኒስ መስቀልና ወለል መንካት ይፈቅድ እንደሆነ ጠይቁ፤ ከወለል እስከ ሶሌታ ያለውንም ከፍታ ለኩ።