ኮሚክና የእንጦጦ ግድግዳ

ልጆች «ኮሚክ» የሚሉት መጽሐፍ፥ ታሪኩን በተርታ በተሰለፉ ሥዕሎች የሚተርክ፥ የተናጋሪውንም ቃል ከአፉ አጠገብ በተከበበ ነጭ ስፍራ ጽፎ የሚያሰማ የድርሰት ዐይነት ነው። ብዙ ወላጅ፥ አንዳንድ ጊዜም መምህሩ ራሱ፥ ይህን መጽሐፍ በልጁ እጅ ባየ ጊዜ ከባዕድ አገር የመጣ የጨዋታ ዕቃ፥ ከትምህርትም የሚያዘናጋ ከንቱ ነገር ነው ብሎ ይነጥቀዋል። ይህ ፍርድ ኮሚክን ብቻ ሳይሆን የገዛ ቅርሳችንንም ካለማስተዋል የመጣ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ለዚህም ምስክር ፍለጋ ሩቅ መሄድ ሳያስፈልግ፥ ከየካ ክፍለ ከተማ ወደ እንጦጦ ተራሮች መውጣት ይበቃል።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑባት የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን በዚያ ትገኛለች። ወደ ቅድስቱ የገባ ሰው የመቅደሱን ግድግዳ በሥዕል ተሸፍኖ ያገኘዋል። መቅደሳቸው በዚህ መልክ በሥዕል በተሸፈነ አብያተ ክርስቲያናት፥ ሠዓሊው ብዙውን ጊዜ ሥራውን በጥጥ ጨርቅ ላይ ከፈጸመ በኋላ ጨርቁን በግድግዳው ላይ ይለጥፈዋል፤ ከበሮቹ አጠገብ ሰይፍ የመዘዙ መላእክት ይቆማሉ፤ ከዚያ ወዲያ ልደቱ፥ ስቅለቱ፥ ትንሣኤው፥ የእመቤታችን ታሪክና የሰማዕታት ገድል በረድፍ በረድፍ ይከተላል። ፊደል ያልቆጠረው ምእመን መቅደሱን ሲዞር ታሪኩን እየተራመደ ያነብባል ማለት ነው። የጻድቁን ፊት በሁለት ዐይኑ ሙሉ ሆኖ ያየዋል፥ የከሐዲውንና የጨካኙን ፊት ግን በጎን፥ በአንድ ዐይን ብቻ ተሥሎ ያገኘዋል፤ ስለዚህ ማን ከማን ወገን እንደ ሆነ ለማወቅ አንድ ቃል እንኳ አያስፈልገውም።

የካቲት 16 ቀን በእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በዓሉ ሲከበር የሚታሰበውን የበላዔ ሰብእን ታሪክ እንውሰድ። ይህ ሰው 78 ነፍስ በልቶ ሳለ፥ በእመቤታችን ስም ለለመነው ጥሙ ለጸናበት ድኻ ጥርኝ ውኃ ስላጠጣ፥ በፍርድ ቀን ያች ውኃ በሚዛን ከኀጢአቱ ሁሉ በለጠች ይባላል። የአገራችን ሠዓሊ ይህን ሲሥል በላዔ ሰብእን በአንዱ ወገን ሲበላ፥ በሌላው ወገን ውኃውን ሲያፈስ፥ በሦስተኛው ደግሞ ከሚዛኑ ፊት ቆሞ ያሳየዋል። አንድ ሰው በአንድ ሥዕል ውስጥ ሦስት ጊዜ ታየ፤ ነገር ግን ከተመልካቾቹ መካከል ሦስት ሰዎች ናቸው ብሎ የተሳሳተ ማንም የለም። ጊዜን በስፍራ ለክቶ ማስቀመጥ፥ ከተሣለው ወደሚቀጥለው የተሣለ ነገር በልቡና መሻገር፥ የኮሚክ ጥበብ መሠረቱ ይህ ነው፤ እኛም ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሠለጥንበት ኖረናል።

ግድግዳው ብቻውን አይደለም። በዐፄ ዳዊት ዘመን፥ በ14ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ፥ ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የተመለሰው ተአምረ ማርያም በየዘመኑ በብራና ሲገለበጥ፥ ጸሐፊና ሠዓሊ እየተባበሩ ብዙውን ቅጂ በተከታታይ ሥዕል አስጊጠውታል፤ ከሥዕሉ በላይ ወይም በታች «ዘከመ» ብሎ የሚጀምር አጭር መግለጫ ይጽፉበታል። ሥዕሉ ያለ መግለጫው፥ መግለጫውም ያለ ሥዕሉ ሙሉ አይሆንም።

ይኸው ልማድ ከቤተ ክርስቲያን ወደ ገበያ በወረደ ጊዜ ለኮሚክ ከሁሉ ይልቅ የቀረበ መልክ ያዘ። በ20ኛው መቶ ዓመት በአዲስ አበባ ይሠሩ የነበሩ እንደ በላቸው ይመር ያሉ ሠዓሊዎች የንግሥተ ሳባን ታሪክ በአንድ ሸራ ላይ፥ ብዙውን ጊዜ በ44 ክፈፍ ከፍለው፥ በየክፈፉም የአማርኛ መግለጫ ጽፈው፥ ከሕዝቡ ግብር ይቀበል ከነበረው ዘንዶ ጀምረው ታቦተ ጽዮን አክሱም እስከምትደርስበት ድረስ ይተርኩት ነበር። ንባቡ ልክ እንደ ፊደላችን ከግራ ወደ ቀኝ፥ ከላይኛው ረድፍ ወደ ታችኛው ነው። ንግሥቲቱ ውኃ የወሰደችበትን ክፍል በቅርብ ያየ ሰው የሠዓሊውን ብልሃት ያደንቃል። ሰሎሞን ንግሥቲቱን ጥም የሚያመጣ መብል አብልቷታል፤ እርስዋም ከንብረቱ አንዳች ያለ ፈቃዱ እንዳትወስድ ምላለታለች። በተለመደው አሣሣል መጀመሪያ ገበታው ይታያል፤ ቀጥሎ መኝታው፤ ከዚያም እጅዋን ወደ ውኃው ስትዘረጋና ንጉሡ ሲይዛት። ጥሙ ራሱ ግን በየትኛውም ክፈፍ አልተሣለም፤ በክፈፍና በክፈፍ መካከል ባለችው ቀጭን መሥመር ላይ ተመልካቹ በራሱ ኅሊና ይፈጥረዋል።

ስለ አውሮፓው ኮሚክ ብዙ ማለት አያሻኝም፤ የጄኔቫው ሮዶልፍ ቶፕፈር እ.ኤ.አ. ከ1830ዎቹ ጀምሮ በክፈፍ የተከፋፈሉ ታሪኮችን እያሳተመ መንገዱን እንደ ጠረገ፥ በኋላም ጋዜጦች እንዳስፋፉት መናገር ይበቃል። ይልቁንስ ከእነዚያ አገሮች ታላላቅ የኮሚክ ደራሲዎች አንዱ የልጅነቱን ዘመን በእኛ ከተማ ማሳለፉ መታወቅ አለበት። ጣልያናዊው ሁጎ ፕራት በጠላት ወረራ ዘመን፥ እ.ኤ.አ. በ1937፥ የ10 ዓመት ገደማ ልጅ ሆኖ ከእናቱ ጋር ወደ ኢትዮጵያ መጣ። ጣልያን ድል ከተነሣ በኋላ አባቱ ተማርኮ በእስር ሞተ፤ ልጁና እናቱም በድሬዳዋ የእስረኞች ሰፈር ሲቀመጡ፥ እርሱ ከጠባቂዎቹ ኮሚክ እየገዛ ያነብ ነበር። ይህ አንባቢ አድጎ ኮርቶ ማልቴዝ የተባለውን መርከበኛ ፈጠረ፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ባሳተማቸው ታሪኮቹም ኩሽ የሚባል የአፋር ተዋጊ ከመርከበኛው ጎን አቁሞ፥ ለቅኝ ገዢዎች የማይበገር ሰው አድርጎ አሳየው። የወራሪ ወገን ልጅ ሆኖ የመጣው፥ ያየውን አገር በአክብሮት ለመሣል መድረሱን ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈለግሁም።

የንባብ ፍቅር ግን የሚነበብ ነገር በሌለበት አይበቅልም። አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ከትምህርት ቤት መጽሐፍ ውጭ የሆነ መጽሐፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኙት በ19 ዓመታቸው፥ በነገሌ ቦረና ነበር፤ በኋላ ተሰደው በአሜሪካ የቤተ መጻሕፍት ሙያ ተማሩና በሳን ፍራንሲስኮ ሲሠሩ፥ ከልጆች መጻሕፍት መካከል የአማርኛ ባለመኖሩ አዘኑ። ስለዚህም የማሞ ቂሎን ተረት በባለ ቀለም ሥዕል፥ በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳተሙ፤ በ1995 ዓ.ም. ደግሞ በየካ፥ በሾላ፥ በመኖሪያ ቤታቸው የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። የማሞ ቂሎ ተረት ለሥዕል የተፈጠረ ይመስለኛል፤ እናቱ ለትናንቱ ጥፋት የሰጠችውን ምክር እርሱ ለዛሬው ነገር ሲያውለው፥ ሕፃኑ አንባቢ ስሕተቱን ከማሞ በፊት በሥዕሉ ላይ አይቶ ይስቃል፤ በዚያች ሳቅ ውስጥም ማንበብ ደስታ መሆኑን ያውቃል።

በእኛ ዘመን ዘሩ ፍሬ መስጠት ጀምሯል። በስራት ደበበ ያቋቋመው ዕጣን ኮሚክስ እ.ኤ.አ. በ2018 «ጀምበር»ን በአማርኛና በእንግሊዝኛ አወጣ፤ ባለታሪኩ ትምህርቱን ጨርሶ በአዲስ አበባ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ነው። ቀጥሎ ሴት ጀግና ያላት «ሐዊ» መጣች። «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን ለልጆች ያዘጋጀችው ብሩክታዊት ጥጋቡም «ጥበብ ገርልስ» በተባለው ሥራ፥ በፊልምም በኮሚክም፥ ልጃገረዶችን ጀግና አድርጋ አቅርባለች። ሥራ ፈላጊው ወጣት የኮሚክ ጀግና መሆኑ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው፤ አንባቢው የራሱን ሰፈርና የራሱን ጭንቀት በክፈፍ ውስጥ ሲያገኝ፥ የራሴን ታሪክ እኔም ልሥለው እችላለሁ ማለት ይጀምራልና።

ሥራውም ከሩቅ እንደሚታየው ከባድ አይደለም። አንድ ሉክ ወረቀት በእርሳስ ስድስት ክፈፍ ይሆናል። ልምድ ያለው ሠሪ ቃሉን አስቀድሞ ይጽፍና በኋላ ይከብበዋል፤ አስቀድሞ ክቡን የሣለ ግን ፊደሉ አልገባ ብሎት ይቸገራል። ድምፅን በሚመለከት የአማርኛ ደራሲ ከማንም የሚበደረው የለም፤ ዱብ፥ ጧ፥ ሽው፥ ክው፥ ፍርክስክስ የሚለው ቋንቋችን ነው፤ እያንዳንዱም በትልቅ ፊደል ከነምልክቱ አንድ ክፈፍ መሙላት ይችላል። ፊትን መሣል ያቃተው ጀማሪ የጥንቱን ሠዓሊ ይመልከት፤ ሰፊ ዐይን፥ ጥቁር መሥመር፥ ወደ ነገሩ የሚያመለክት ረጅም ጣት፤ ሁሉም ነገር በእነዚህ ተነግሯል።

ከኮተቤ እስከ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ባሉት ትምህርት ቤቶች ለምትሠሩ መምህራንና የቤተ መጻሕፍት ኀላፊዎች የምለምነው ይህን ነው፤ ከመደርደሪያዎቻችሁ አንዱን ለሥዕላዊ ታሪክ ስጡ፤ በዓመት አንድ ቀንም ልጆቹን እርሳስና ወረቀት አስይዛችሁ ወደ እንጦጦ ማርያም አውጡአቸው፤ አባቶችን አስፈቅዳችሁ ከግድግዳው ፊት አስቀምጡአቸውና ያዩትን በስድስት ክፈፍ ይሥሉት። ወላጆችም ልጃችሁ ኮሚክ ይዞ ስታገኙት አትንጠቁት፤ አጠገቡ ተቀመጡና እርሱ ያንብብላችሁ።